የዋንዛዋ የእንጀራ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ ቁም ሣጥን ላሠራ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ቤቱ እንደ ዛሬው ሁሉ በችፑድና በባህር ዛፍ ሞራሌ የተሞላ ነው፤ እኔም ከዚያው ውስጥ የተሻለውን አስመርጬ ልሄድ በርጩማ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ወጣቱ አናጢ ግን ሽማግሌ ማጫወት ይወዳል መሰለኝ፣ ከጥግ አንዲት አቧራ የጠጣች ሰፊ ጣውላ ጎትቶ አወጣና፣ «አባባ፣ ይቺን ይዩልኝማ፤ ከፈረሰ ቤት በር ላይ ነው ያገኘኋት» ብሎ መላጊያውን አንዴ ገፋባት። ቀጭኗ ፍቅፋቂ እንደ ቀለበት ተጠቅልላ ጫማዬ ላይ ወደቀች። ሽታው ተከተለ፤ ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ማሩ ተቆርጦ ባዶውን እንደ ቆየ ቀፎ ያለ ሽታ። ዋንዛ! ምን ልበላችሁ፣ ጉልበቴን ይዤ በሁለት ጊዜ የምነሣው ሰውዬ ብድግ ብዬ ቆምኩ፤ ልቤ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልብ ደረቴን ደበደበችው፤ ልጁ «ምነው አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ ጣውላዋን በሁለት እጄ ይዤ ቀርቻለሁ። አላመመኝም። ያደግኩበት ሲሬ ነበርኩ።

አባቴ ከጎጃም ሲመጣ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ መጋዝ ነበር፤ ከእኔ ቁመት በእጥፍ የሚረዝም፣ በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው፣ ጥርሱ በጆንያ የተጠቀለለ፣ በትከሻው ተሸክሞት ሲራመድ ወደ ላይ ወደ ታች እየተለጠጠ የሚያንጎራጉር የሁለት ሰው መጋዝ። ግንዱን በእንጨት ርብራብ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ያወጡታል፤ በከሰል ውሃ የተነከረ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ወጥረው ጧ ሲያደርጉበት ጥቁር መሥመር ይቀርበታል፤ ከዚያ አባቴ ግንዱ ላይ ይወጣል፣ ባልንጀራው ጋሼ አያሌው ከሥር ይገባል፣ አንዱ ሲስብ አንዱ እየለቀቀ፣ መሥመሩን ሳይስቱ ቀኑን ሙሉ ጣውላ ያወርዳሉ። የታችኛው ሰው ዕጣ ሰጋቱራ መብላት ነው። ጋሼ አያሌው ማታ ሲመለስ ቅንድቡም ጢሙም የጆሮው ቀዳዳም ሰጋቱራ ለብሶ፣ «ዛሬም አባትህ አጠገበኝ፣ እራት አልፈልግም» ይለኝ ነበር፤ እራቱ ግን አንድም ቀን ቀርቶበት አያውቅም።

በሲሬ ዙሪያ ያን ጊዜ ትልልቅ ዛፍ ያለው ሰው ሞልቶ ነበር። ደን ያላቸው ግን፣ በእኔ ዓይን፣ ኦቦ ደበላ ብቻ ነበሩ። ረጅም ሰው ናቸው፤ በሰው መሐል ሲቆሙ ባርኔጣቸው ለብቻው የሚታይ፣ ጀርባቸው እንደ ቋሚ እንጨት ቀጥ ያለ። ከአያታቸው የወረሱት ዳገት ከወንዙ ጀምሮ እስከ ጉብታው ድረስ ዋንዛና ብሳና ቀረሮም ነበር፤ ከጥላው ሥር ደግሞ ቡናው። ዛፎቹን ሰው ከብቱን እንደሚያውቅ ነበር የሚያውቋቸው፤ የትኛዋ ታማለች፣ የትኛዋ ጎረቤቷን ትጋፋለች፣ የትኛዋ በሚመጣው ነፋስ አትቆምም። ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ በየዓመቱ ዳገቱን በእግራቸው ይዞሩና፣ የታመመችውን፣ የተጣመመችውን፣ ተጋፊዋን ይመርጣሉ፤ እሷ ትቆረጣለች። ጤነኛዋና ትልቋ ግን ሥሯ የሚተኳት ልጆች በቅለው ካልተገኙ መጥረቢያ አይነካትም። የሲሬ ሰው ከኋላቸው ያማቸው ነበር፤ «ከኦቦ ደበላ ደን የጥርስ መፋቂያ ለመቁረጥ ሦስት ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል» እያለ። እሳቸውም ይሰሙና፣ «ሦስት አይበቃም» ይላሉ አሉ።

እንግዲህ ያን ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አባቴ ሥራ ፈታ። ነቀምቴ ትልቅ ቤት የሚያሠራ ሰው ለበር የሚሆን ሰፋፊ ጣውላ ፈልጓል፤ ያን ስፋት የሚያወጣ ዛፍ ደግሞ በአካባቢው አንድ ብቻ ነው፤ በኦቦ ደበላ ዳገት ወገብ ላይ የቆመች፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የሚያቅፋት ዋንዛ። እሷ ከተፈቀደች በጋውን ሙሉ ሥራ አለ። ካልተፈቀደች ወደ ጎጃም እንመለሳለን፤ እናቴ ገና ከወዲሁ ዕቃውን በነጠላ መቋጠር ጀምራለች። እኔ ደግሞ ጎጃምን አላውቀውም። የማውቀው ሲሬን ነው፤ የማውቀው የኦቦ ደበላን ልጅ ጫልቱን ነው፣ እኩያዬን፣ በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ከሚዋጋው ኮርማ እያስጣለች በምላሹ ቀኑን ሙሉ የምታዘኝን።

ኦቦ ደበላ ለአባቴ ያሉትን ውሃ ላቀብል ሄጄ በጆሮዬ ሰማሁ። «ባለመጋዝ፣ ሰኞ መጥቼ ሥሯን አያለሁ። ሰባት ልጅ ካላት ውሰዳት። ከሌላት ትቆይ።» እኔ ሥሯን አውቀዋለሁ፤ ላሞች ሲግጡበት የከረመ ነው፣ አንድም ልጅ የላትም።

እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። የተሰበረ ማረሻ ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩና፣ ሰፋ ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው ችግኝ ባየሁበት እየቆፈርኩ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በሸሚዜ እያቀፍኩ፣ ዳገቱን ሰባት ጊዜ ወጣሁ ሰባት ጊዜ ወረድኩ። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ ሆን ብዬ አዘበራርቄ ተከልኳቸው፤ ሣሩንም መልሼ አለበስኳቸው። ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳይ እግዚአብሔር ራሱ የተከላቸው ይመስሉ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ በሠርጌም ቀን አልተሰማኝም፣ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴም ታውቀዋለች።

ሰኞ መጡ። አባቴ አለ፣ እኔ አለሁ፣ ጫልቱ ከአባቷ ኋላ አለች። የኅዳር ፀሐይ ግን ከእኔ ቀድማ ደርሳ ኖሯል፤ ሰባቱም ልጆቼ ቅጠላቸው እንደ ታጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ኦቦ ደበላ በዱላቸው ሣሩን ገለጥ እያደረጉ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ገለበጡ፤ ጀርባው ነጣ ያለ ነው። አሸተቱት። ወደ አምስተኛው ሄዱ፣ ወደ ስድስተኛው ሄዱ። ከዚያ ቀና ብለው በጣም ረጋ ባለ ድምፅ፣

«ጫልቱ፣ ነይ እዪ። ይቺ ዋዴሳ ብሳና ወልዳለች» አሉ። ዋንዛን ዋዴሳ ነው የሚሏት።

ጫልቱ ሮጣ ሄዳ አየች። «አባ! ሦስት ነው የወለደችው!»

«አባትየው ማን ይሁን?»

ጫልቱ ዞር ብላ እጄን አየች። ጥፍሬ ውስጥ የወንዙ ጥቁር አፈር እንዳለ ነው። «አባ፣ አባትየውን አገኘሁት» ብላ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

አባቴ እንደ ፍም ቀልቶ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ። መሬት ብትከፈት ገብቼ ከውስጥ በሩን በዘጋሁ። ኦቦ ደበላ ግን ዱላቸውን በመሐላችን ዘረጉ። «ተው ባለመጋዝ! ስትቆርጥ የኖርከውን አንተን ማንም ሳይመታህ፣ የተከለው ይመታል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያ ጉርባ፣ ለምን አደረግከው?» አሉኝ። ጉርባ ማለት ልጁ ማለት ነው፤ ሲቆጡም ሲወዱም ያው ነው። እኔም እንባና ንፍጤ ተደባልቆ፣ ጎጃም መሄድ አልፈልግም አልኩ።

ኦቦ ደበላ ዋንዛዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ፈረዱ። ዘንድሮ አትቆረጥም። በእጅ የተተከለ አይታመንም፤ ዛሬ አለ ይባላል፣ ነገ ፍየል በላው ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስት ዋንዛ የእሳቸውን ራስ ያለፉ ቀን ግን አባቴ እናትየውን ይወስዳል። ብሳናዎቹም አይነቀሉ፤ ብሳና ቶሎ ያድጋል፣ ለዋንዛ ጥላ ይሆናል፣ «የእንጀራ ወንድምም ወንድም ነው» አሉ።

አባቴ መራራ ሳቅ ሳቀ። «ኦቦ፣ እስከዚያ እኔ ጎጃም ገብቼ አርጅቻለሁ።»

«እንዴት አድርገህ? ልጅህ እዚህ ሰባት ልጅ አለው። ልጁን ጥሎ የሚሄድ በእኛ አገር ነውር ነው» ብለው፣ አባቴን በክንዱ ይዘው ወደ ዳገቱ ወሰዱት፤ በነፋስ የወደቀ ቀረሮ፣ ልቧ መበስበስ የጀመረ አሮጊት ዋንዛ፣ ሁለት ተጋፊ ብሳና አሳዩት። ለነቀምቴው ሰው በር አይሆኑም፤ አልጋና መስኮት ወንበርም ግን ይወጣቸዋል። ማታ እናቴ ነጠላውን ፈታች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ እንደ በዓል ዋዜማ ያለ ዘመን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ልጆቼ ነው፤ በቅል ውሃ እወስዳለሁ፣ በእሾህ አጥራለሁ፣ አንድ አዲስ ቅጠል ከወጣ ለጫልቱ፣ ለእናቴ፣ ለጋሼ አያሌው፣ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ፍየል አጥሬን ጥሶ አንዱን ዋንዛ እስከ ሥሩ ጨረሰው። ሦስት ቀሩ፤ ከእንግዲህ አንድ ቢጎድል ነገሩ ሁሉ አበቃ ማለት ነው። ያኔ ምሳዬንም እዚያው መብላት ጀመርኩ።

በየዓመቱ የመስቀል ሰሞን ኦቦ ደበላ ይመጡና ከእያንዳንዱ ዋንዛ አጠገብ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ያቺ ቀን ስትደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ችግኞቹ መጀመሪያ ጉልበታቸው ላይ ደረሱ። ቀጥሎ ቀበቷቸው ላይ። አንድ ዓመት እሳቸው ሳያዩ ወደ ቁልቁለቱ ጎን እንዲቆሙ በጨዋታ ገፋ ገፋ ባደርጋቸው፣ ሳቁና፣ «ያ ጉርባ፣ ዛፉን አሳድገው እንጂ እኔን ቁልቁል አታውርደኝ» ብለው ወደ ዳገቱ ጎን ዞሩ። ሁለቱ ዋንዛዎች ጥሩ ሄዱ። ሦስተኛው ግን ሰነፍ ነው፤ ቅጠል ያወጣል፣ ቅርንጫፍ ይዘረጋል፣ ወደ ላይ መሄድ ብቻ አይሆንለትም። ጫልቱ ባየችው ቁጥር፣ «ባንተ ነው የወጣው፤ ጠዋት ማን ቀስቅሶት!» ትለኝ ነበር።

አባቴም በዚያ መሐል ሌላ ሰው ሆነ። ድሮ ዛፍ ሲያይ ጣውላ ነበር የሚያየው፤ ስንት እንደሚወጣው ከሩቅ ይነግራችኋል። እያደር ከኦቦ ደበላ ጋር ዳገቱን መዞር ጀመረ፤ ሁለቱ ሽማግሌ መስለው አንዲት ዛፍ ሥር ቆመው ግማሽ ቀን ይከራከራሉ፣ ይቺ ትውጣ፣ የለም ያቺ ትውጣ፣ ይቺ ብትወጣ ለዚያችኛዋ ብርሃን ይገባላታል። በየዓመቱ ይቆረጣል፣ በየዓመቱ ጣውላ ወደ ነቀምቴ ይጫናል፣ ዳገቱ ግን ያው ሙሉ ነው። እኔ በልጅነቴ ተአምር ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ገባኝ ልል ነበር፤ ግን ዛሬም ተአምር ይመስለኛል።

ሰባተኛው ዓመት ላይ ሁለቱ ዋንዛዎች ራሳቸውን አልፈው ከሄዱ ቆይተዋል። የቀረው ሰነፉ ነው። የዚያ ዓመት መስከረም ጓዳችን ሁሉ ደስታ ነበር፤ አባቴ መጋዙን ሞርዶ ዘይት ቀብቶታል፣ ጋሼ አያሌው ሰጋቱራ ሊበላ ሆዱን ባዶ እንዳደረገ ምሏል። ኦቦ ደበላ መጡ። ክረምቱን ታመው ነበር የከረሙት፤ በዱላ ነው የሚሄዱት፣ ጫልቱ በአንድ ጎን ይዛቸዋለች። ከሰነፉ አጠገብ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የዛፉ ጫፍ ከራሳቸው በላይ፣ አንድ ጭብጥ ያህል፣ በነፋሱ ይወዛወዛል።

ጋሼ አያሌው እልል አለ፤ ወንድ ሆኖ እልል ሲል ያየሁት እሱን ብቻ ነው። አባቴ መጥረቢያውን አነሣ። እኔ ግን፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የዚያን ሰው ቁመት ስለካ የኖርኩ ነኝ። ቁመታቸውን ከራሴ ቁመት ይበልጥ አውቀዋለሁ። አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

«ኦቦ፣ ቀና በሉ።»

ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞሩ፤ አንገታቸውን ለማዞር ትከሻቸውን አብረው ማዞር ነበረባቸው።

«ቀና ብዬ ነው» አሉ።

አባቴ በሹክሹክታ፣ «ልጅ ነህ ወይስ ዳኛ?» አለኝ። ኦቦ ደበላ ግን ቀስ በቀስ ፈገግ አሉ። ጫፉን ቀና ብለው ለማየት ሞከሩ፣ አልቻሉም፣ በእጃቸው ዳሰሱት። «እውነትህን ነው፤ ዛፉ አላደገም፣ እኔ ነኝ ያጠርኩ። በድሮው ደበላ ይለካ። ለከርሞ።» ጫልቱን ተደግፈው ሲወርዱ ከሩቅ ይስቁ ነበር፤ «ያ ሌባ ጉርባ፣ የእኔ ጠባቂ ሆኖልኝ አረፈ!» እያሉ።

ለከርሞ አልደረሱም። በነሐሴ ዝናብ ቀበርናቸው።

ሰነፉ በመስከረም ከድሮው ደበላ ራስ በላይ አንድ ክንድ አለፈ፤ ያን ዓመት ምን እንደ ነካው አላውቅም። ዋንዛዋ በጥር ተቆረጠች። ኦቦ ደበላ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት በመጥረቢያ ጀርባ ሦስት ጊዜ ግንዱን እየመቱ፣ ውስጡ ጎጆ ያለው ወፍና ንብ እንዲወጣ ይነግሩ ነበር፤ ያን ቀን መጥረቢያውን ያነሣችው ጫልቱ ናት። ሦስት ጊዜ መታች፣ ቆመን ጠበቅን፣ አንዲት ወፍ ወጣች። አባቴና ጋሼ አያሌው በመጥረቢያ በአንድ ጎን አፍ ከፈቱላት፣ በሌላው ጎን መጋዙን አስገቡ፣ እየተከተሉ ሽብልቅ መቱ። የምትወድቅበት ክፍተት ጥማድ በሬ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ያህል ነው፤ በቀኝ ሰነፉ፣ በግራ ሁለቱ ወንድሞቹ፤ አንዱን ብትሰብር አባቴ ዳግመኛ በዚያ ደን መጋዝ ላያነሣ ምሏል። መጀመሪያ ጫፏ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ከሆዷ እንደ በር ያለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ሰማዩ ዘንበል አለ፣ ነፋሷ ፊታችንን መታው፣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ዘለለ፣ አቧራና ቅጠል ሁሉን ሸፈነው። ሮጥኩ። ሦስቱም ቆመዋል! ሰነፉ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ተቀንጥሶ፣ ገና እየተወዛወዘ፣ ድንገት በበራለት ፀሐይ ውስጥ ቆሟል። ጮኽኩ፣ ዘለልኩ፣ አባቴን አቀፍኩት፣ ጋሼ አያሌውን አቀፍኩት፤ ከዚያ «ኦቦ፣ አዩልኝ?» ልል ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

ሰው ምን እንዳጣ የሚያውቀው እንደዚያ ሲዞር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ዞሬአለሁ። ደኑ በብዙ እጅ አለፈ፣ የዳገቱ ግማሽ ዛሬ እርሻ ነው። ጫልቱ ጊምቢ ተድራ እዚያው አረፈች። አባቴና ጋሼ አያሌው ዘጠኝ ቀን የፈጀባቸውን ግንድ የዛሬ የሞተር መጋዝ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል፤ መፍጠኑን አልጠላሁበትም፤ ግን ከስምንት ዓመት መጠበቅ በኋላ የሚመጣውን ያን ጩኸት ማን ይጮኸዋል? እኔም በጓሮዬ ዋንዛ አለኝ፣ ጎረቤት መጥቶ ይጠይቀኛል፣ ትቆረጥ ስል ትቆረጣለች፣ ትቆይ ስል ትቆያለች። እኔን ግን ትቆይ የሚለኝ ሰው የለም።

አንዳንዴ ያቺን መስከረም አስባለሁ። አፌን ብዘጋ ኖሮ ዋንዛዋ ያኔውኑ ስትወድቅ እዚያው አጠገቤ ቆመው፣ አቧራው ባርኔጣቸው ላይ እየወረደ፣ ያዩልኝ ነበር። ያን ቀን መልሶ የሚሰጠኝ ቢኖር ምን እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም። ያው «ኦቦ፣ ቀና በሉ» የምል ይመስለኛል። ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ምናልባት እንዳይሰሙኝ።